ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለው ወንድሜ

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ እናቴ በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ወልዳ ዘጠኙንም አውቶቡስ ውስጥ ጥላቸው እንደመጣች አውቅ ነበር። መጠርጠር አይደለም፤ አውቅ ነበር። ሆዷ ገፍቶ ከቤት ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ሆዷ ጠፍቶ ስትመለስም አይቻታለሁ። ሆድ ደግሞ የሚጎድለው በአንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ ከጎረቤት ሴቶች ወሬ ተምሬያለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች። በፊተኛው ክፍል እንበላለን፣ እንቀመጣለን፣ እኔም የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የውስጠኛው መኝታችን ነው። በሩ ከድሮ ጀምሮ ክፍት ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ቁልፍ ተበጀለት። ቁልፉን እናቴ በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ጀርባ የዳቦ ቢላ ድምፅ ይሰማኛል፤ ክርት፣ ክርት፣ ዝም፣ ደግሞ ክርት። በበሩ ሥር የማስቲሽ ሽታ ይወጣል፤ ጫማ ጠጋኞች ሶል የሚያጣብቁበት፣ ራስ የሚያዞረው ያ ሽታ።

«እማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የሴት ሥራ ነው። ሂጂ ተጫወቺ።»

ስለዚህ መውለድ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል ብዬ ያዝኩ። እውነቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ እስከ አስራ አንድ ዓመቴ ድረስ ይህንን አልለቀቅኩም፤ የጓደኛዬ እናት ስትወልድ ቤታቸው ገብቼ ግድግዳ ግድግዳውን አሽትቻለሁ።

አባቴ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቀደም ሲል ማታ ሲገባ ትከሻው ላይ ያወጣኝና ጣሪያውን በእጄ ያስነካኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ገና ከመግባቱ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ይዘረጋል፤ እግሮቹን በርጩማ ላይ ይሰቅላል። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማውን ታወልቅለታለች። አንድ ቀን ለምን ከእኔ ጋር እንደማይጫወት ስጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ወንበሩ ነው የገደለኝ» አለኝ። ወንበር ሰው ሲገድል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ በልጆቹ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ተጣልቶ መሬት የሚተኛ መሰለኝ። አሳዘነኝ። ለእሱ ወገንኩ።

ነገሩን ያረጋገጠልኝ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ወሬ ነው። የሹፌሮቹ ሁሉ ታላቅ የሆነው ጋሽ ፍሬን መጣ። እንዲህ የሚሉት ፌርማታ ሲደርስ ተሳፋሪውን ሁሉ አንድ ላይ ወደፊት ስለሚያሰግድ ነው፤ እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት ይባል ነበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ከወገቡ በታች ብቻ ይታየኛል፤ ወንበር ስንሰጠው ቆሞ መጫወቱን መረጠ።

«የሰባት ቁጥሩስ እንዴት ሆነ?» አለ።

«ቁጭ ብሏል» አለች እናቴ። «ልክክ ብሎ ነው የገባው።»

አባቴ ከመሬት ላይ ሆኖ፣ «እንደ ልጅ አቅፎ ይዞኛል እኮ!» አለ።

«የእኔንስ መቼ ነው የምታደርሺልኝ?»

«የአንተ ማክሰኞ ይገባል።»

«እባክሽ ወፈር አድርጊልኝ፤ እንደምታይኝ ከባድ ሰው ነኝ።»

«ከወፈረ በር ላይ ያስበላኛል። ዘበኛው ዓይኑ አይጣል ነው።»

«አሮጌዎቹንስ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

«ድልድዩ ሥር ገደል ውስጥ እወረውራቸዋለሁ። ሞተዋል እኮ! በእጅህ ስትነካቸው እፍፍ ብለው ነው የሚረግፉት።»

ጠረጴዛው ሥር እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ትናንሾቹ አውቶቡስ ውስጥ ናቸው፤ ትልልቆቹ ገደል ውስጥ። እኔ ደግሞ የቤቱ ትልቅ ልጅ ነበርኩ።

አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በእናቴ ሙያ፣ በመኪና ወንበር ስፌት፣ ሃያ ዓመት ስለቆየሁ፣ ጠረጴዛው ሥር ያልገባኝን ነገር በእጄ ነው የማውቀው። የመኪና ወንበር ውስጥ ያለ ስፖንጅ እንደ ሰው ያረጃል። መጀመሪያ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ቢጫ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በስፌቱ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ያልቃል፣ ሹፌሩም ከሥሩ ባለው የብረት ሞላ ላይ ይቀራል። የግራ ጎኑ ከቀኙ ቀድሞ ይሰምጣል፤ ሹፌር ሲወጣና ሲወርድ የሚጫነው ያንን ጎን ነውና። እንግዲህ ሰውየው በቀን አስር ሰዓት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ከሥር ብረት እየጠበሰው ይነዳል። ጀርባ ይሄዳል። እግር ይደነዝዛል። ፍሬን የሚረግጠው እግር።

እናቴ የአውቶቡስ ኩባንያው ጋራዥ ውስጥ ብቸኛዋ የወንበር ሰፊ ነበረች። አስራ አራቱም አውቶቡሶች ያረጁ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ባለንብረቶቹ ለጉብኝት እንደሚመጡ ሲሰማ፣ የሹፌሮቹን ወንበር ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቀይ ልብስ እንድታለብስ አዘዛት። ስፖንጅ ግን የለም፤ ጎድጓዳውን በአሮጌ ጆንያ ሙይውና ከላይ ስፊበት አላት።

«የሞተ ስፖንጅ ላይ አዲስ ልብስ አልሰፋም» አለችው።

«የታዘዝሽው መስፋት ነው፤ መመርመር አይደለም።»

«ሬሳ አላስጌጥም» አለችው። በዚያው ቀን ተባረረች። ልብሱን ከውጭ የመጣ ሌላ ሰው ሰፋው፤ ጆንያውም ገባ። ሥራ አስኪያጁም፣ ወንበር ያስከፈተ ሹፌር ከሥራው ይሰናበታል የሚል ወረቀት በር ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ ለአባቴ እንደተጻፈ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ አባቴ መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። እናቴም የዳቦ ቢላ አነሳች።

ሹፌሮቹ ተዋጥተው ከፍራሽ ፋብሪካ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ገዙላት። ከሥር ጠንካራውን፣ ከላይ ለስላሳውን እያጣበቀች፣ ለጅራት አጥንት ጎድጎድ እያደረገች፣ የእያንዳንዱን ሹፌር ክብደትና የቁመቱን ልክ በቃሏ ይዛ ትቆርጣለች። ችግሩ ማስገባቱ ነበር። ዘበኛው ሻንጣ ይፈትሻል፤ የነፍሰ ጡርን ሆድ ግን የሚፈትሽ ወንድ የለም። ስለዚህ ስፖንጁን ጠቅልላ ሆዷ ላይ በቁራጭ አንሶላ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች፤ ሰፊ ቀሚሷን ከላይ ትለብሳለች፤ ለባሏ ምሳ ይዛ ትገባለች። በምሳ ሰዓት የአውቶቡሱ መጋረጃ ይጋረዳል። የወንበሩን ልብስ ከሥር ፈታ ጆንያውንና ዱቄቱን ታወጣለች፣ አዲሱን ትከታለች፣ የሽቦውን ቀለበቶች በፒንሳ መልሳ ትቆልፋለች። አሮጌው ግቢው ውስጥ ከተገኘ ጉድ ነውና፣ እሱን ሆዷ ላይ አስራ ትወጣለች። ያ የገባው ሆድ ይወጣል። ድልድዩ ሥር ስትደርስ ትገላገለዋለች።

ስለዚያ ሆድ ያወቅኩት ሌላ ነገርም አለ፤ ይህንን የነገረችኝ ግን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አይሆንም ብሏት ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት መንገድ ላይ ሴቶች ያስቆሟታል፤ ወረፋ ይለቁላታል፤ «በሰላም ይገላግልሽ» ይሏታል። እሷም «አሜን» እያለች፣ ስፖንጁን በሁለት እጇ ደግፋ ታልፋለች። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር አለችኝ። ስፖንጅ ምን ክብደት አለው?

እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! እኔ የማውቀው ሰባት ቁጥር ውስጥ ወንድም እንዳለኝ ነው። ሰባት ቁጥርን ከሁሉ አስቀደምኩ፤ የአባቴ አውቶቡስ ናትና እዚያ ያለው የእኛ ነው። የጋሽ ፍሬንን ወፍራሙን ቀጥሎ አያለሁ።

አንድ ሐሙስ ትምህርት ቤት የምሳ ደወል ሲደወል ቦርሳዬን ባዶ አደረግኩ። ደብተሮቼን ጓደኛዬ ጋ ተውኩ። ሕፃን ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሊተነፍስ እንደሚችል ለማረጋገጥ ጭንቅላቴን ከትቼ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ። ተነፈስኩ። ከዚያ ወደ አውቶቡሶቹ ግቢ ሄድኩ።

ዘበኛው በር ላይ ብርቱካን ይልጣል። አወቀኝ። «የሰባት ቁጥር ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ወንድሜን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የምን ወንድም?»

«እናቴ የወለደችውን።»

ብርቱካኑ ከእጁ አልወደቀም እንጂ መላጡን አቆመ። ቀኝና ግራ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚ የኔ ልጅ፣ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። እዚህ ምንም ወንድም የለም። ሂጂ አልኩሽ!» አለኝ።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሲዋሸኝ ያኔም አልወድም፣ ዛሬም አልወድም። «አለ! ሆዷ ትልቅ ሆኖ ነው የምትገባው! እርስዎም አይተዋታል!»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ደረጃ ላይ ሰማኝ።

ክፉ ፊት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ አፌን በያዝኩ። ግን ፊቱ ጥሩ ነው፣ ሽቶው ጥሩ ነው፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በቁመቴ ልክ ሆኖ ነው ያናገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና ያዳመጠኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሱ ነበር። ምንም ሳላስቀር ነገርኩት፤ የተቆለፈውን ክፍል፣ ሽታውን፣ ማክሰኞ የገባውን ወፍራሙን፣ ገደል የተጣሉትን።

«ስንት ናቸው ብለሻል?» አለኝ።

«ዘጠኝ።»

«ጎበዝ። ቁጥር ታውቂያለሽ» አለና እጄን ያዘኝ።

ሰባት ቁጥር ከዛፉ ጥላ ሥር ቆማለች። ሹፌሮቹ ግንዱን ተደግፈው ምሳ ይበላሉ። አባቴ እጄን ማን እንደያዘው ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ ግን ያ ጀርባው ቶሎ አላነሳ አለው፤ ዛፉን እየቧጠጠ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ የአውቶቡሱን በር ከፍቶ አስገባኝ፣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አቆመኝ። ከኪሱ ትንሽ የሚታጠፍ ቢላ አወጣ። ቀዩን ልብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው።

ጮህኩ። ወንድሜን እያረደው ነው። እጁ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ነከስኩት። ከወንበሩ ውስጥ ደም እስኪወጣ ጠበቅኩ፤ የወጣው ግን ንጹሕ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር ነው። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ጫን አደረገው። ተጫነ፤ ጣቱን ሲያነሳ ቀስ ብሎ ተመልሶ ሞላ። እንደገና ጫነው። መቼም ያልጠበቀው ነገር ነበር መሰል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጫነው።

በመስኮቱ በኩል እናቴ ስትገባ አየኋት። በአንድ እጇ የምሳ ዕቃ፣ ከፊቷ ሆዷ። ዘበኛው በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በብርቱካኑም ጭምር ተመለሺ ይላታል። የእኔን ጩኸት ስለሰማች አላየችውም። መጣች።

«ልጄን ልቀቃት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ እኔን ይዞ ከአውቶቡሱ ወረደ። የነከስኩትን እጁን እያሻሸ፣ «ሆድሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አላት።

ሹፌሮቹ ተነስተው ቆመዋል። ማንም አያኝክም። ያን ጊዜ እናቴ መሸሽ ትችል ነበር። ውድቅ ብትል፣ ምጥ ያዘኝ ብትል፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ እጁን አያነሳባትም ነበር። የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አንገት ከትታ ቋጠሮውን ፈታች። አንሶላው ተንሸራቶ እግሯ ሥር ወደቀ። ስፖንጁን በሁለት እጇ አውጥታ፣ ሁሉም እንዲያየው የአውቶቡሱ ኮፈን ላይ አስቀመጠችው። ተጠቅልሎ ስለቆየ ቀስ በቀስ ራሱን ዘረጋ።

«የአስራ ሁለት ቁጥር ነው» አለች። «ዘጠኙ ገብተዋል። አምስት ይቀሩኛል።»

እኔ ስፖንጁን አየሁ። አራት ማዕዘን ነው። ዓይን የለውም። እግር የለውም። ከዚያ ሆዷን አየሁ፤ ጠፍጣፋ ነው። ያ ሁሉ ወንድምና እህት በአንድ ጊዜ ሲሞትብኝ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ማልቀሱንም ተውኩት።

«ሌባ!» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ሌባ ነሽ አንቺ!»

«ሌባ ይዞ ይወጣል እንጂ ይዞ ይገባል እንዴ?» አለችው።

አንዱ ሹፌር ሳቅ አመለጠው። ሥራ አስኪያጁ ወደ አባቴ ዞረ። «አንተ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተሰናብተሃል!»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። «አስራ ሁለት ቁጥር እዚያ ቆሟል» አለችው። «ልብሱ ቀይ ነው፣ ያምራል፣ አንተ ነህ ያሰፋኸው። ግባና ቁጭ በልበት። እስከ ምሳ ሰዓቱ ማብቂያ ድረስ ብቻ። ከቻልክ እኔ ባሌንም ልጄንም ይዤ እሄዳለሁ፤ ዳግመኛ በዚህ በር አላልፍም።»

ሱሪውን ቁልቁል አየ። ሁሉም ያዩታል።

«ልብሴ ይቆሽሻል» አለ በመጨረሻ። ይህን ነው ያለው። ሌላ ሺህ ነገር ሊል ይችል ነበር።

ጋሽ ፍሬን እያነከሰ ወደፊት ወጣ። «የእኛ ልብስ አስራ አንድ ዓመት ቆሽሿል» አለው። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ስፖንጁ ላይ ጣለው። ስፖንጅ ስለሆነ ድምፅ አልሰጠም። ቀጥሎ የአስራ ሁለት ቁጥሩ ሹፌር ጣለ። ቀጥሎ ገና አምስት ወር ያልሞላው አዲሱ ወጣት ሹፌር፣ ወንበሩ ያልተነካለት፣ የእሱንም ጣለ። አባቴ መጨረሻ ላይ ነው የደረሰው፤ መራመድ ስላቃተው። ሲደርስ እናቴን አንድ ጊዜ አየት አደረጋትና ቁልፉን እንደሌሎቹ አልወረወረውም፤ በቀስታ አስቀመጠው።

ያን ከሰዓት አንድም አውቶቡስ አልወጣም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴን ጋሽ ፍሬን ደግፎት ከኋላችን ቀረ። እናቴ አንድ እጇን ለእኔ ሰጥታ፣ በሌላው ስፖንጁን ብብቷ ሥር ይዛ ትሄዳለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ቦርሳው ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ እንደተነፈስኩም ነገርኳት። መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላቆም ሲላት ስፖንጁን የድልድዩ ጠርዝ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠችበት፤ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ስትስቅ ስትስቅ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ፊቷን ፀጉሬ ውስጥ ቀበረች። ራሴ እርጥብ ሆነ። ያኔ በእኔ የተናደደች ነበር የመሰለኝ። ስለዚህ፣ «ወንድም አልፈልግም እማ፣ ተይው» አልኳት። ይበልጥ አጥብቃ ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ቁልፎቹ ሦስት ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተከምረው ዋሉ። ሁለት ምትክ ሹፌሮች ተገኝተው ነበር፤ አንደኛው አስራ ሁለት ቁጥር ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ነዳና ቁልፉን መልሶ ሄደ። በአራተኛው ቀን ባለንብረቶቹ ራሳቸው መጡ፤ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተነሳ፤ ሹፌሮቹም ቁልፋቸውን መልሰው ወሰዱ። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ነድቶ አያውቅም። ወገቡ አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር፤ የእናቴ ስፖንጅ የደረሰለት ዘግይቶ ነው። ይህንን ማንም አያስተካክለውም፤ እሷም እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ዘበኛውን ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሱቄ ድረስ መጥቶ አገኘሁት። ሁሉን ያውቅ ነበር ለካ። «ስድስት የወለደች ሚስት አለችኝ» አለኝ፤ «ሁለት ወር ሙሉ ያው ሆድ ሳያድግ፣ ሳያንስ ሲገባና ሲወጣ አላየሁም እንዴ? አንዳንድ ቀንማ ወደ ጎን ዞሮ ነበር።»

አንድ ነገር ግን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ባለንብረቶቹ ከመጡ በኋላ ያለውን ሰኞ።

ትምህርት ቤት የተዘጋበት ቀን ነበር። የውስጠኛው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እናቴ የቀሩትን ስፖንጆች መቁረጫ ጠረጴዛውን አውጥታ ደጃፍ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ ትሠራለች። እኔ የተቆረጡትን እደረድራለሁ። አባቴ ከውስጥ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። የኩባንያው መኪና መጥታ ቆመችና ሥራ አስኪያጁ ወረደ፤ የነከስኩት ቦታ ላይ ፕላስተር አለ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸጎጥኩ።

አልጮኸም። ከቦርሳው በመኪና የተተየበ አንድ ገጽ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ባለንብረቶቹ ተመልሰሽ እንድትገቢ ይፈልጋሉ» አለ። «ወንበሮቹን የሚቀርጽ ሌላ ሰው አላገኘንም። ባልሽም ቢሮ ውስጥ ቀላል ሥራ ይሰጠዋል። ይህ የይቅርታ ደብዳቤ ነው፤ ከደንብ ውጪ ገብቼ የኩባንያውን ንብረት ከፍቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ ነው የሚለው። ፈርሚና ነገሩ ይለቅ።»

እናቴ ወረቀቱን አነበበችው። በጣቷ እየተከተለች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ታች። ለእኛ ቤት ያ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። የአባቴ መድኃኒት ነው። የቤት ኪራይ ነው። የእኔ ትምህርት ነው። እጇ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲቀር አየሁት። ወደ ውስጥ ዞር አለች። ምንም አልጠየቀችም፤ አባቴን አየችው ብቻ።

አባቴ ከመሬት ላይ ሆኖ፣ ጣሪያውን እያየ፣ «እኔ ቢሮ ውስጥ ምን ላይ ልቀመጥ ነው?» አለ። «አትፈርሚ።»

ሥራ አስኪያጁ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙ ሰማያዊ። ክዳኑን ራሱ አወለቀላት። «አንድ ፊርማ እኮ ነው» አላት፣ ልመና በሚመስል ድምፅ። «አንድ መስመር።»

ተቀበለችው። ጫፉን አየች። አውራ ጣቷ ላይ ጫር አድርጋ ሞከረችው፤ ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱን በክርኗ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ አንድ ትልቅ ስፖንጅ ወደ ራሷ ሳበች፤ ማስመሪያውን አጋድማ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር አሰመረች። አዙራ ሌላ አሰመረች። የጅራት አጥንቱን ጎድጓዳ ክብ አድርጋ ሳለች። ስትጨርስ ክዳኑን ከእጁ ወስዳ ገጠመችና እስክሪብቶውን መለሰችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «የእኔ ቀለሙ አልቆብኝ ነበር። የአስራ አራት ቁጥሩን ወንበር ነገ ጠዋት አምጡት፤ እዚህ ነው የምሠራው።»

ከዚያ ቢላዋን አንስታ በመስመሩ ላይ ቆረጠች።